አራቱ የጠበቁት ትንፋሽ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ናሁሰናይ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ የሞቀ ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ።

ስልክ ለምን አታነሺም ብለሃል። ግማሹ መልስ ኔትወርክ ነው። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ አራተኛ ወሩን ይዟል፤ ጥሪውም ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል። ሌላው ግማሽ እኔ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ስትደውል ስልኩ እጄ ላይ ነበር። በስልክ ያልከውን በማግስቱ አላልኩም ማለት ትችላለህ። ስለዚህ ጻፍልኝ። ከቡሬ በርበሬ የሚጭነው አንዷለም መንገድ በተከፈተ ቁጥር አዲስ አበባ ይገባል። ለእሱ ስጠው።

እናቴን ተሽሏታል። እሷን ላስታምም ብዬ ለሁለት ሳምንት እንደመጣሁ ታውቃለህ። ሁለቱ ሳምንት አምስት ወር ሆነ። እዚሁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጥበብና ሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ሰጥተውኛል፤ ሲከፈት አስተምራለሁ፣ ሲዘጋ እቀመጣለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። ድራመራችን ቂርቆስ ፍላሽ ልኮልኛል። አልበማችን ወጥቷል። በመስከረም ደብዳቤህ ስለ ዝናቡ ጽፈህልኝ ነበር፣ ስለ አዲሱ ጎረቤትህ ውሻም ጽፈህልኝ ነበር። ስለዚህ ግን አንድ መስመር አልነበረም።

የሸክላውን ሽፋን ፎቶም አየሁት። «ዳሞት» ይላል፤ ከሥሩ «ናሁሰናይ ስመኘውና ጓደኞቹ»። ከጀርባው በትንሽ ፊደል፣ አራተኛ ላይ፣ «ሥርጉት፣ ትራምፔት»። የአባት ስም እንኳ አልተሰጠኝም።

ለማያውቅ ሰው እንደምነግር ልንገርህ። «ዳሞት» የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። አራቱን ክፍል ያሰብኩት አባባን ተከትዬ ፈረስ ቤት ከተማ በወጣሁበት ክረምት ነው። እናንተን አራታችሁን አንድ በአንድ የጠራሁ እኔ ነኝ፣ አንተን መጀመሪያ። ኖታ አልሰጠኋችሁም። ፍሪ ጃዝ ነውና ማን መቼ እንደሚገባ በዓይኔና በትንፋሼ ነው የነገርኳችሁ። ሳክስፎንህን አውርደህ «ቆይ፣ እንደገና እንጀምር» ስትል እምቢ ያልኩህ እኔ ነኝ። አርባ አንዱን ደቂቃ አንዴ ብቻ ቀዳነው፤ አባባ የቅኔ ተማሪዎቻቸውን ትናንት የተናገሩትን ዛሬ እንዳይደግሙ እንደሚከለክሉት።

ይህን ሁሉ ታውቃለህ። እዚያው ነበርክ። የማላውቀው እኔ ነኝ፦ ለምን?

ሥርጉት

•

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔ ሥርጉት፣

እንዴት ሰነበትሽ? እማማ እንቁስ? ስለ መዳናቸው እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽን መሪጌታንም እጅ ነስቷል በይልኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ጀርመን ያለው አሳታሚ የጻፈልን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። የመሪውን ስም፣ ፎቶና ፊርማ በአሥር ቀን ውስጥ ላኩ አለ። ደወልኩልሽ፣ የለሽም። ሰው ልላክ አልኩ፣ መንገዱ ተዘግቷል። ቅጹ ላይ «መሪ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ሥራው ከሚቀር ብዬ ስሜን ጻፍኩበት። በኋላ አስተካክላለሁ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ሰዎች ወደዱት፣ ስለ እኔ ጻፉ፣ በየቀኑ ማስተካከሉ ከትናንት ይልቅ ከበደኝ። ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው።

ከደብዳቤሽ ቀጥሎ በላክሻት ቁራጭ ወረቀት ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ቃለ መጠይቁን የሰጠሁት እኔ ነኝ። «ትራምፔት የምትነፋዋ ተማሪዬ ናት» የሚለውን ግን ጋዜጠኛው ነው ያጣመመው። ካንቺ ብዙ ተምሬያለሁ ነበር ያልኩት።

ይህ ነገር በወረቀት አያልቅም፣ ሥርጉት። ሰው ልኬያለሁ። ትላልቅ ሰዎች ናቸው። ሲመጡ እሺ በያቸው።

ያንቺው ናሁሰናይ

•

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ናሁሰናይ፣

ሰዎችህ መጡ።

አስቀድሜ በአንዷለም በኩል የጠየቅከኝን ልመልስ። ትራምፔቴን አልተውኩም። እናቴ ግቢ ውስጥ እንዳልነፋ ለምናኛለች፤ እዚህ ጥሩምባ ከተሰማ እድርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ማን ሞተ እያለ ይመጣል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቆሎው ከታጨደበት ማሳ ወርጄ፣ የትራምፔቱ አፍ ውስጥ ካልሲ ጎስጉሼ እነፋለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር ጥሩምባ» ይሉኛል። አልከፋኝም፤ ቢያንስ ምን እንደምሠራ ያውቃሉ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው የመጡት። እኔ ጅጋ ክርስትና ተጠርቼ ሄጄ ነበር፤ የምነግርህ እናቴ ያየችውን ነው። አጎትህ ቄስ ላቀው፣ አያ ዘሩና አንድ ሌላ ሽማግሌ በጠዋት ከቡሬ ተነስተው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከደጃችን ቆሙ። አባባ ግቡ አሏቸው፣ ገቡ። ተቀመጡ ቢሏቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ።

ያላገባች ልጅ ካለችበት ቤት ሦስት ሽማግሌ መጥቶ አልቀመጥም ሲል፣ በእኛ አገር ለምን መጣችሁ ብሎ የሚጠይቅ አባት የለም። አባባም አልጠየቁም። ቄስ ላቀው ልጃችን ልጅዎን አስቀይሟል፣ ይቅር ተባብለው አንድ እንዲሆኑ ነው የመጣነው ማለት ጀመሩ። ሳይጨርሱ አባባ «አንድ ይሁኑ» አሏቸው።

እንዴት እንዲህ ቸኮሉ እንዳትል። መሪጌታ ባምላኩ የስንቱን ልጅ ቅኔ ያስቀኙ፣ የገዛ ልጃቸው ግን በሃያ ሰባት ዓመቷ ጥሩምባ ታቅፋ የተመለሰችባቸው ሰው ናቸው። በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ስለ እኔ የሚባለውን እኔ አልሰማም። እሳቸው ይሰማሉ።

ቀጥሎ ወረቀት ወጣ። አባባ ምንም ወረቀት ሁለት ጊዜ ሳያነቡ አይፈርሙም። የእኔን የትምህርት ቤት ካርድ እንኳ ሁለት ጊዜ ነበር የሚያነቡት። ያን ቀን የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበቡ፣ «ጋብቻ» የሚለውን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁና ፈረሙ።

ከጅጋ ስመለስ እናቴ ከአጥሩ በር ላይ እልል አለችብኝ። ሽማግሌ ተልኮብሽ ነበር፣ አባትሽ እሺ ብለዋል አለችኝ። አለቀስኩ። ደስ ብሏት ነው ብላ አቀፈችኝ። ለጥቂት ደቂቃ እውነቷን ነበር። ሁለት ዓመት ስጠብቃቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ ናሁሰናይ። አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ።

ከዚያ ለእኛ የተውልንን የወረቀቱን ቅጂ አነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ይኸውልህ፣ ምናልባት ቅጂ ከሌለህ፦ «ዳሞት በተባለው አልበም ላይ የተነሳው የስም ክርክር ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። የሥራው መሪ ናሁሰናይ ስመኘው መሆኑን የልጅቱ ቤተሰብ ተቀብሏል።»

አጎትህ «አልበም» የሚለውን ቃል የሚያውቁት ለፎቶ ነው። ይህን አንቀጽ ማን ጻፈው? አንድ ቃል ይበቃኛል።

ሥርጉት

•

አዲስ አበባ፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሥርጉት፣

አንድ ቃል ብለሽ ነበር። ሁለት ነው፦ እኔ ነኝ።

አጎቴን አትቀየሚያቸው። ወረቀቱን ጽፌ ስልክላቸው ሙሉው የዕርቅና የጋብቻ ውል ነው አልኳቸው፤ አምነውኝ ይዘው ሄዱ።

ላገባሽ እፈልጋለሁ። ይህ ውሸት አይደለም። የአልበሙንም ነገር ፈርቼ ነበር። ለሚያዝያ በሦስት የአውሮፓ ከተሞች መድረክ ተይዟል፤ ሁሉም በእኔ ስም ነው። አንቺ ደግሞ እዚያ ነሽ፣ ፓስፖርት ለማውጣት እንኳ ባሕር ዳር መድረስ አትችይም። ሁለቱን ነገር ለየብቻ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁና አንድ ላይ አሠርኳቸው። ባልና ሚስት ከሆንን በኋላ የማንኛችን ስም እንደተጻፈ ምን ልዩነት አለው? ያው አንድ ቤት አይደለም ወይ?

በመስከረሙ ደብዳቤዬ ትወጂኛለሽ ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር፤ በሁለቱም ደብዳቤሽ ዘለልሽው።

አባትሽ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥተዋል። ያን ቃል እንዲያጥፉ አታድርጊያቸው። ስለ እኔ ብለሽ አይደለም፣ ስለ እሳቸው ብለሽ።

ናሁሰናይ

•

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ናሁሰናይ፣

መልሴ የዘገየው መንገድ ተዘግቶ አይደለም። አንዷለም ሁለት ጊዜ መጥቶ የሚላክ አለ ወይ ብሎ ጠይቆኝ የለም ብዬዋለሁ። የሆነው ሁሉ ሆኖ እስኪያልቅ ልጽፍልህ አልፈለግሁም።

ስለ አባቴ አስበህ መጻፍህን አየሁ። ከደብዳቤህ ሁሉ የከፋው እሱ መስመር ነው።

ሦስተኛውን አንቀጽ ሳነብላቸው አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ «ቃሌን ልታሳጥፊኝ ነው» አሉኝ። ላሳጥፍዎ ነው አልኳቸው። ለስምንት ቀን አላናገሩኝም። እናቴ በመካከላችን መልእክተኛ ሆነች፤ አባትሽ ውኃ ይፈልጋሉ፣ ልጅዎ ምሳ ደርሷል ብላለች። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን።

በዘጠነኛው ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ «የተካሰሳችሁበትን ነገር አምጪው፣ ልስማው» አሉ።

ባጃጅ ከሚነዳው ጎረቤታችን ስፒከር ተዋስኩ። አባባ መቋሚያቸውን ተደግፈው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ማን ምን እንደሚጫወት አልነገርኳቸውም፣ አልጠየቁኝምም። አርባ አንዱን ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። እናቴ በመሃል ራሷን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እሳቸው አልተነሱም። ሲያልቅ ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት።

የመጀመሪያው ቃላቸው «ዜማ የለውም» ነበር። ቀጥለው ግን እንዲህ አሉኝ፦

«አምስት ሰዎች ናቸው። አራቱ አንዱን ይጠብቃሉ። የሚጠበቀው ሰው ከመነሳቱ በፊት ትንፋሽ ይስባል፣ ይሰማል። ያን ትንፋሽ ሳይሰሙ አንዳቸውም አይነሱም። ያ ጎርናናው ሁለት ጊዜ ሊቀድም ቃጥቶ ተመልሷል። እኔ አርባ ዓመት ማኅሌት ቆሜአለሁ። መሪና ተመሪ ይጠፋኛል?»

ጎርናናው አንተ ነህ።

ትንፋሹ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የእኔ ነው ማለት እችል ነበር፤ ግን አባቴ በቃል አንዴ ተታልለዋል። ትራምፔቴን ከሳጥኑ አወጣሁ፣ ከንፈሬ ላይ አደረግሁ፣ ትንፋሽ ሳብኩ። አልነፋሁም። አባባ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ነገ ቡሬ እንሄዳለን» አሉ።

ሄድን። ሦስቱም ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፣ ጽድ ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። አባባ ሰላምታውን ሁሉ ካዳረሱ በኋላ ስፒከሩን መሬት ላይ አስቀምጪና ክፈቺው አሉኝ። ናሁሰናይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አድማጭ አይቼ አላውቅም፤ አንድም ሰው አልሳለም። አሥር ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ አያ ዘሩ ወደ አባባ ጠጋ ብለው «የኔታ፣ እቃቸውን አስተካክለው የሚጀምሩት መቼ ነው?» አሉ።

«ጀምረዋል» አሏቸው አባባ።

«ይኸ ነው?»

«ይኸ ነው።»

«በሉ እንግዲህ። እኔ ለቆንጆ ነገር የተጣሉ መስሎኝ ነበር።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ብትኖር አንተም ትስቅ ነበር። ያን ጊዜ ናፈቅኸኝ፣ ከዚያ ወዲያው ለምን እዚያ እንደተቀመጥን ትዝ አለኝ።

አባባ ሙዚቃውን አስቆሙኝና ተነሱ። የትንፋሹን ነገር ለእኔ እንደነገሩኝ ነገሯቸው። ቄስ ላቀውም የማኅሌት ሰው ናቸው፤ ያን ቦታ እንደገና አሰሚኝ አሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አዘነበሉ፣ ከዚያ በኋላ አንገታቸውን ደፉ። አባባ ይህን አሉ፦

«የሰጠሁት የእኔ አልነበረም። የሷን ሰጠሁ፣ ሳላነብ ፈረምሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ፊርማዬን መልሱልኝ።»

ቄስ ላቀው የጋብቻውስ ነገር አሉ። አባባ እሱንም እሷን ጠይቁ፣ እኔን ሁለተኛ አትጠይቁኝ አሉ። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሽማግሌ እንዲያ ዞሮ ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«አላገባውም» አልኩ።

«ትጠይዋለሽ ወይ፣ ልጄ?» አሉ ቄስ ላቀው።

«አልጠላውም፣ አባ። አላገባውም።»

የዘለልኩት ጥያቄህ መልስ ይኸው ነው። በአጎትህ ፊት ነው የመለስኩት።

ወረቀቱን ቄስ ላቀው ራሳቸው ቀደዱት። «ሽበቴን አስይዞ ዋሸብኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። በዚያው ሳምንት እንደደወሉልህ ሰምቻለሁ። ምን እንዳሉህ አልጠየቅሁም፤ የሷን ስም መልስላት፣ ከዚያ በኋላ አጎቴ በለኝ ብለው እንደሆነ ግን እገምታለሁ።

ድል አደረገች ብለህ እንዳታስብ። ባለፈው ቅዳሜ ማንኩሳ ላይ የድንበር ሽምግልና ነበር። አባባ ያልተጠሩበት የማንኩሳ ሽምግልና አላስታውስም። ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ደጅ ተቀመጡ። እስከ ቀትር ማንም አልመጣም። በሽማግሌ ፊት የሰጠውን ቃል የመለሰ ሰው ለሰው ቃል አይጠራም። ገብተው ጋቢውን አጠፉና «ተመስገን፣ ዕረፍት አገኘሁ» አሉ። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ የት እንደምገባ አጣሁ።

ይህንንም ሦስተኛውን አንቀጽ በጻፍክበት እጅ ነው ያደረግከው።

ሥርጉት

•

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ናሁሰናይ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ሁለቱም ደብዳቤህ አንድ ላይ ደረሱኝ፤ ሁለተኛውን መጀመሪያ ስላነበብኩ ይቅርታው ከጥፋቱ ቀድሞ መጣልኝ።

ለአሳታሚው የጻፍከውን ቅጂ አየሁ። ምክንያት አልደረደርክም፤ ያልሆንኩትን ሆኛለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ፣ መሪዋ እሷ ናት ብለሃል። ከዚህ በላይ እንድትጽፍ አልፈልግም ነበር። የሚያዝያውን ጉዞ ትቼዋለሁ ስትል ግን አላመሰግንህም። ያንን መድረክ ለእኔ አልሰጠኸኝም። ባዶ ነው የተውከው። ልከስህ እንደሆነ ጠይቀሃል፤ አልከስህም። አባቴ አንዴ ቡሬ ድረስ ሄደውልኛል፣ ሁለተኛ በሰው ፊት አላቆማቸውም።

አባባ እንዴት ናቸው ብለሃል። ከሽምግልና ቀሩ እንጂ ከቅኔ ቤት አልቀሩም። አሁን ደግሞ አንዳንድ ከሰዓት «ያንን ዜማ የሌለውን አምጪው» ይሉኛል። የት ቦታ እንደደከምኩ ይነግሩኛል። ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ፈርተሽ ነበር አሉኝ። እውነት ነው፣ ፈርቼ ነበር። አራታችሁም ያላወቃችሁትን እሳቸው አወቁት።

አሳታሚው ለሁለተኛው ሕትመት የላከው ቅጽ በቂርቆስ በኩል መጥቷል። ባዶውን ቦታ ሞልቼዋለሁ፦ ሥርጉት ባምላኩ። ከታች ደግሞ መሪዋ ከቅጂው ልትለውጠው ወይም ልታስቀረው የምትፈልገው ካለ ትጻፍ ይላል። ያን መስመር ለመሙላት ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ሰባት ደቂቃ ብቻህን ትጫወታለህ። ከአልበሙ ሁሉ እጅግ የሚያምረው እሱ ነው፤ ይህን ሌላ ሰው ይነግርሃል ብዬ ስለማላምን እኔው ልንገርህ። ላስቀረው ፈልጌ ነበር። ሳክስፎንህ ያለበትን እያንዳንዱን ቦታ ደቂቃውንና ሰከንዱን በእርሳስ ጽፌ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዤ ማሳው ውስጥ ቁጭ አልኩና እንደገና ሰማሁት። ስምንተኛው ደቂቃ ሊገባ ሲል ትንፋሽ እስባለሁ። አንተ እንደዚያ እየሮጥክ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ሰማኸኝ። ዝም አልክ። ከዚያ እኩል ገባን።

ያን ቀን ያ ሰው ነበርክ። ጭራሽ ያልነበርክ አስመስዬ ልሰርዝህ አልቻልኩም፤ እሱ ያንተ ዓይነት ሥራ ይሆናል። መስመሩ ላይ «ምንም አይለወጥ» ብዬ ጻፍኩ። ስምህ ከእኔ ቀጥሎ ነው፣ ከነአባትህ ስም፦ ናሁሰናይ ስመኘው፣ ሳክስፎን። ይቅርታ አይደለም። በዚያ ቀን የሆነው እንዲያ ስለሆነ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ልምጣ ወይ፣ ፊት ለፊት አንድ ጊዜ ላናግርሽ ብለሃል። ለአባባ ነገርኳቸው። ይምጣ፣ ምሳ አብልተሽ ሸኚው አሉኝ። እሳቸው ከልባቸው ነው፣ ይቅር ብለውሃል። እናቴም ለምሳው ምን እንደምትሠራ ማሰብ ጀምራ ነበር።

እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ሦስተኛ ሰው በመካከላችን ሳይኖር ከፊቴ ከተቀመጥክ፣ እጅህን ካየሁት፣ በእነዚህ ደብዳቤዎች ሁሉ ያልጻፍኩልህን እነግርሃለሁ። ከዚያ ደግሞ «አላገባውም» ያልኩት ይቀራል።

አትምጣ።

ሥርጉት ባምላኩ